የድንጋይ መዝገብ፤ በጥንት ዘመን የፈሰሰው ላቫ መንገዱ እንዴት ታወቀ

ክረምት ገብቶ ወንዝ ሞልቶ ከጐደለ በኋላ፣ በማግሥቱ ወደ ወንዙ ዳር የወረደ ሰው ጐርፉን በዐይኑ ባያየውም መንገዱን ያውቀዋል። በዳርና በዳር የበቀለው ሣርና ቄጠማ ራሱን ወደ ቈላው አዘንብሎ ተኝቷል፤ ገለባውና ጭራሮውም በአንድ አቅጣጫ ተደርድሯል። ጐርፉ ራሱ ሄዷል፤ ነገር ግን ምስክሮቹን በስፍራው ትቶ ነው የሄደው። ፊደል ያልቈጠረ እረኛ እንኳ ይህን ምስክርነት አንብቦ ውሃው ከየት መጥቶ ወዴት እንደ ወረደ ለመናገር አይቸገርም።

ጐርፉ የውሃ ሳይሆን የቀለጠ ድንጋይ ቢሆንስ? ያለፈውም ትናንት ማታ ሳይሆን ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ቢሆንስ? ሣርም ገለባም በማይተርፍበት በዚያ እሳት ውስጥ መንገዱን የሚመሰክር ምን ሊገኝ ይችላል? የዚህ ጽሑፋችን ዓላማ ለዚህ ጥያቄ የተገኘውን መልስና፣ መልሱ የተገኘበትን ረዥም ታሪክ ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ ማቅረብ ነው።

እኛ ሥራችን ወረቀት ማገላበጥ ስለ ሆነ የሥነ ምድር ሊቃውንት ነን አንልም። ሆኖም የመዝገብ ቤትን ሥራ የሚያውቅ ሰው ይህን ታሪክ ለመረዳት ሩቅ አይሆንበትም። አንድ መዝገብ እንዲታመን መቼ እንደ ተጻፈ መታወቅ አለበት፤ ማን እንደ ጻፈው መታወቅ አለበት፤ ሥርዝ ድልዝም ሊኖርበት አይገባም። ድንጋይም መዝገብ መሆኑን የደረሱበት ሊቃውንት ከ170 ዓመት በላይ ሲከራከሩ የኖሩት በእነዚሁ በሦስቱ ነገሮች ላይ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

የመጀመሪያው መዝገብ

የኮምፓስ መርፌ ሁልጊዜ ወደ ሰሜን እንደሚያመለክት መርከበኞች ከብዙ መቶ ዓመታት ጀምሮ ያውቁ ነበር። በአንዳንድ ተራሮች አጠገብ ግን መርፌው መንገዱን ስቶ ወዲያና ወዲህ ይዞራል። ይህን የሚያደርገው በዐለቱ ውስጥ ያለው የብረት ጠባይ መሆኑ ቢታወቅም፣ ዐለቱ ይህን ጠባይ ከየት እንዳገኘው የሚያስረዳ አልነበረም።

ማቸዶንዮ ሜሎኒ የተባለው ኢጣሊያዊ የፊዚክስ ሊቅ በናፖሊ አጠገብ በቬሱቭዮ ተራራ ላይ የተሠራው የእሳተ ገሞራ መመልከቻ ቤት የመጀመሪያው አለቃ ነበረ። በ1848 በኤውሮጳ የፖለቲካ ነውጥ በተነሣ ጊዜ በሐሳቡ ምክንያት ከሥራው ተሰናበተ። ሹመቱ ቢቀርም ምርምሩ አልቀረም። ከቬሱቭዮ የፈሰሱትን ላቫዎች እየሰበሰበ ሲመረምር፣ እያንዳንዱ ቍራጭ ደካማ ማግኔት መሆኑን አገኘ። ከዚህም አልፎ ላቫውን በእሳት አግሎ እንደ ገና ሲያቀዘቅዘው፣ በቀዘቀዘበት ጊዜ በመሬት ማግኔት አቅጣጫ እንደ ተሳበ ቀረ። ይህን በ1853 ገለጠ፤ በሚከተለው ዓመት በ1854 በኮሌራ በሽታ ሞተ።

የነገሩ ምሥጢር እንዲህ ነው። ላቫ ከመሬት ውስጥ ሲወጣ ግለቱ 1,100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሲሆን፣ በውስጡ ማግኔታይት የተባለ የብረት ማዕድን በጥቃቅን ፍሬዎች መልክ ይፈጠራል። ግለቱ ከ580 ዲግሪ በላይ እስከ ሆነ ድረስ እነዚህ ፍሬዎች ማግኔትነት አይጸናባቸውም። ግለቱ ከዚያ በታች ሲወርድ ግን እያንዳንዱ ፍሬ የመሬትን የማግኔት አቅጣጫ ተቀብሎ ይጸናል። እንግዲህ ጸሐፊው የመሬት ማግኔት ነው፤ ብራናው ላቫው ነው፤ ቀለሙ የሚደርቅበትም ሰዓት ዐለቱ የሚቀዘቅዝበት ሰዓት ነው።

ከሜሎኒ በኋላ ጁዜፔ ፎልጌራይተር የተባለው ሌላው ኢጣሊያዊ በ1890ዎቹ ይኸው ጠባይ በሸክላ ዕቃም እንደሚገኝ አሳየ። በምድጃ ውስጥ የተተኰሰ የጥንት ሸክላ ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላም እንኳ በተተኰሰበት ቀን የያዘውን አቅጣጫ አልለቀቀም ነበር። በዚህም መዝገቡ ለብዙ ዘመን የማይደበዝዝ መሆኑ ታወቀ።

የተጣላው ምስክር

ይህ ሁሉ ሲሆን ድንጋዩ የሚናገረውን ቃል ለመቀበል የሚያስቸግር ነገር ተነሣ። በርናር ብሩን የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ በክሌርሞን ፌራን ከተማ አጠገብ የሚገኘውን የፒዊ ደ ዶም መመልከቻ ቤት ያስተዳድር ነበር። በ1905 ከረዳቱ ከፒዬር ዳቪድ ጋር በካንታል አውራጃ በሴን ፍሉር ከተማ አካባቢ ላቫ የፈሰሰበትን የሸክላ አፈር መረመረ። ላቫው በላዩ ሲያልፍ አፈሩን እንደ ጡብ ተኵሶታል። የተተኰሰው አፈርና ከላዩ ያለው ላቫ አንድ ዓይነት አቅጣጫ ይዘው ተገኙ፤ ነገር ግን አቅጣጫው ከዛሬው የመሬት ማግኔት ጋር ተቃራኒ ነበር። በሌላ አነጋገር፣ በዚያ ዘመን ኮምፓስ ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ መርፌው ወደ ደቡብ ባመለከተ ነበር።

የብሩን ማስረጃ የተመሠረተው በሁለት ምስክሮች ላይ ነው። ላቫው ብቻውን ቢመሰክር በጠባዩ አንዳች ብልሽት አለበት ሊባል ይችላል። ነገር ግን ላቫና የሸክላ አፈር በተፈጥሯቸው የተለያዩ ናቸው። ሁለት የማይተዋወቁ ምስክሮች በአንድ ሰዓት ስለ ሆነው ነገር አንድ ቃል ከተናገሩ፣ ቃላቸው ሊናቅ አይገባውም። ብሩን ውጤቱን በ1906 አሳተመ። በ1910 በ42 ዓመት ዕድሜው ሲሞት ግን የመሬት ማግኔት ተገልብጦ ነበር የሚለውን ሐሳብ ከምር የተቀበሉት ሰዎች እጅግ ጥቂቶች ነበሩ።

የስዊስ ሊቅ ፖል ሉዊ መርካንቶን ነገሩ እውነት ከሆነ በመላው ዓለም ሊገኝ ይገባል ብሎ በ1926 አሳሰበ። ጃፓናዊው ሞቶኖሪ ማቱያማም ከጃፓን፣ ከኮርያና ከማንቹሪያ የተሰበሰቡ ላቫዎችን መርምሮ በ1929 ውጤቱን ገለጠ። በዕድሜ ወጣት የሆኑት ላቫዎች የዛሬውን አቅጣጫ ይዘዋል፤ ከእነርሱ የሚቀድሙት ብዙዎቹ ግን ተቃራኒውን። ይህም ሆኖ ጥርጣሬው ወዲያው አልጠፋም። በ1951 ፈረንሳዊው ሉዊ ኔል አንዳንድ ዐለት በራሱ ጠባይ ተገልብጦ ሊጸና እንደሚችል በሐሳብ አሳየ፤ በጃፓን በሐሩና ተራራ የተገኘ ዐለትም በእርግጥ እንዲህ ሲያደርግ ታየ። ስለዚህ የተገለበጠው መሬት ነው ወይስ ድንጋዩ? የሚለው ክርክር እንደ ገና ተነሣ።

ክርክሩን የፈታው የዘመን መለኪያ መገኘቱ ነው። በ1960ዎቹ የአሜሪካና የአውስትራልያ ተመራማሪዎች የላቫን ዕድሜ በፖታሲየምና በአርጎን ልክ እየመዘኑ ከማግኔቱ አቅጣጫ ጋር አስተያዩት። ድንጋዮቹ በየራሳቸው ጠባይ የተገለበጡ ቢሆኑ ኖሮ በዕድሜያቸው ሥርዓት ባልተገኘባቸው ነበር። ሆኖም በልዩ ልዩ ክፍለ ዓለም የሚገኙ፣ ዕድሜያቸው አንድ የሆነ ላቫዎች አቅጣጫቸውም አንድ ሆኖ ተገኘ። ዛሬ የምንኖርበት ዘመነ ማግኔት፣ ከ780 ሺህ ዓመት ያህል በፊት የጀመረው፣ በብሩን ስም ተጠራ፤ ከእርሱ በፊት የነበረው የተገለበጠው ዘመን ደግሞ በማቱያማ ስም። አባቶቻችን እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። የሚያሳዝነው ብሩን ንጋቱን አለማየቱ ብቻ ነው።

ሁለተኛው መዝገብ

እስካሁን የተናገርነው መዝገብ የመሬትን ማግኔት አቅጣጫ እንጂ የላቫውን መንገድ አያሳይም። ላቫው ወደ ምሥራቅም ይፍሰስ ወደ ምዕራብ፣ ሲቀዘቅዝ የሚይዘው አቅጣጫ አንድ ነው። የመንገዱን ነገር የሚናገረው በዚያው ድንጋይ ውስጥ ያለ ሌላ ጠባይ ነው።

ይህን ጠባይ ለመረዳት ወደ መጀመሪያው ምሳሌያችን ወደ ሣሩና ወደ ገለባው እንመለስ። በሚፈስ ነገር ውስጥ ያለ ረዘም ያለ ፍሬ ሁሉ ርዝመቱን በፍሰቱ መንገድ ማጋደም ይወዳል። በላቫ ውስጥ ያሉት የማግኔታይት ፍሬዎችም፣ ወይም እነርሱ የተደረደሩባቸው ሌሎች ማዕድኖች፣ እንዲሁ ያደርጋሉ። ፍሬዎቹ ግን እጅግ ጥቃቅን ስለ ሆኑ አሰላለፋቸውን በዐይን ዐይቶ መፍረድ አይቻልም። ነገር ግን ድንጋዩን በማግኔት ኃይል አጠገብ ብናስቀምጠው፣ ፍሬዎቹ በተጋደሙበት አቅጣጫ ኃይሉን በቀላሉ ይቀበላል፤ በአግድማቸው በኩል ግን ትንሽ ይከብደዋል። ይህን ቅለትና ክብደት በየአቅጣጫው የለካ ሰው የፍሬዎቹን አሰላለፍ ሳያይ ያውቀዋል ማለት ነው።

ስዊድናዊው ጉስታቭ ኢዚንግ በአገሩ ሐይቆች ሥር በየዓመቱ በተነባበረው ደለል ውስጥ ይህን ልዩነት ለክቶ በ1942 ጽፎ ነበር። አሜሪካዊው ጆን ግራሃም ደግሞ በ1954 ባወጣው ጽሑፍ፣ ይህ ጠባይ የዐለትን ውስጣዊ አሰላለፍ ለማወቅ የሚረዳ፣ ማንም ያልተጠቀመበት መሣሪያ መሆኑን አስገነዘበ። ከዚያ ወዲህ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መለኪያዎቹ እየተሻሻሉ ሄደው፣ ሥራው በላቫና ከእሳተ ገሞራ በወጣ አመድ ላይ መደረግ ጀመረ።

የአሠራሩ ሥርዓት ትዕግሥትን የሚጠይቅ ነው። ተመራማሪው በውሃ የሚቀዘቅዝና አልማዝ የተተከለበት መሰርሰሪያ ይዞ፣ ከዐለቱ 2.5 ሴንቲሜትር ያህል ውፍረት ያላቸው እንደ ሻማ የቀጠኑ ቍራጮች ያወጣል። ከማውጣቱ በፊት ቍራጩ በየት በኩል እንደ ነበረ በጥንቃቄ ምልክት ያደርግበታል። እዚህ ላይ የሚያስገርም ነገር አለ። ዐለቱ ራሱ ማግኔት ስለ ሆነ ኮምፓሱን ሊያሳስተው ይችላል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚታመነው ፀሐይ ናት፤ የጥላዋ አቅጣጫ ከሰዓቱ ጋር ተመዝግቦ ሰሜኑ በሒሳብ ይገኛል። ከዚያም በቤተ ሙከራ እያንዳንዱ ቍራጭ በብዙ አቅጣጫ እየተገለባበጠ ይለካል። የሚፈለገው ልዩነት በባዛልት ብዙውን ጊዜ ከመቶ አምስት እጅ አይበልጥም። የሁሉም ልክ ሲደመር እንደ እንቍላል ያለ ቅርጽ ይወጣል፤ የእንቍላሉ ረዥሙ ዘንግ ላቫው የተጓዘበትን መሥመር፣ አጭሩ ዘንግ ደግሞ ላቫው የተነጠፈበትን ገጽ የሚቈርጠውን አቅጣጫ ያሳያል።

ይህም ሆኖ አንድ ችግር ይቀራል። በመሬት ላይ የተዘረጋ ክር መሥመሩን ያሳየናል እንጂ የሄደው ሰው ከየትኛው ጫፍ እንደ ተነሣ አይነግረንም። እንዲሁም ረዥሙ ዘንግ ብቻውን ላቫው ከሰሜን ወደ ደቡብ ወይም ከደቡብ ወደ ሰሜን መሄዱን አይለይም። መፍትሔው ከግድግዳው ዳር ተገኘ።

የቀለጠ ድንጋይ በመሬት ስንጥቅ ውስጥ አልፎ ሲቀዘቅዝ እንደ ግድግዳ ቆሞ ይቀራል፤ ሊቃውንት ይህን ዳይክ ይሉታል። በስንጥቁ መካከል ያለው ፈሳሽ ሲሮጥ፣ በሁለቱ ዳር ያለው ከድንጋዩ ጋር እየተጣበቀ ይዘገያል። ከዚህ የተነሣ በዳር ያሉት ፍሬዎች ቀጥ ብለው አይጋደሙም፤ ፈሳሹ ወደሚሄድበት ወደ ፊት እያሉ ከዳር ወደ መካከል ያዘነብላሉ። በሁለቱም ዳር እንዲህ ስለሚሆን ሁለቱ ዝንባሌዎች እንደ ጎጆ ጣሪያ ወደ አንድ ጫፍ ይገናኛሉ፤ የጣሪያው ጫፍ ያመለከተበት በኩል ላቫው የሄደበት ነው። በወንዝ ዳርና ዳር የበቀለውም ሣር ራሱን ወደ ቈላና ወደ ወንዙ መካከል ያዘነብላል። የድንጋይ ፍሬ እንደ ሣር ሥር የለውም፤ ያዘነበለበት ምክንያት ግን ከዚህ የራቀ አይደለም።

ማይክል ናይትና ጆርጅ ዎከር ይህን ዘዴ በሃዋይ ደሴቶች በኦአሁ በሚገኘው በኮላው ተራራ ዳይኮች ላይ ሞክረው በ1988 አሳተሙት። በሥራቸው የሚያስመሰግናቸው የማግኔቱን ቃል ብቻውን አለማመናቸው ነው። በአንዳንዶቹ ዳይኮች ግድግዳ ላይ ላቫው ሲያልፍ የፈተገው ምልክት በዐይን ይታይ ስለ ነበር፣ ድንጋዩ የነገራቸውን ከዚህ ከሚታየው ምልክት ጋር አስተያዩት። ብሩን ላቫውን በሸክላ አፈር እንዳስመሰከረ፣ እነዚህም ሁለተኛ ምስክር አቆሙ።

ወደ ላይ ወይስ ወደ ጎን?

አንባቢ እስካሁን የተከተለን ከሆነ፣ ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ብሎ ቢጠይቀን ትክክል ነው። ከብዙ ሚሊዮን ዓመት በፊት የደረቀ ላቫ ወደ ሰሜን ቢሄድ ወይም ወደ ደቡብ ቢሄድ ለዛሬ ሰው ምኑ ነው?

ብዙዎቻችን እሳተ ገሞራን የምናስበው እንደ ጭስ መውጫ ነው። እሳቱ ከተራራው በታች አለ፤ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል፤ ስለዚህ መፍራት የሚገባው በተራራው ሥር የሚኖር ሰው ብቻ ነው እንላለን። ይህ አሳብ እውነት ይሁን ሐሰት የሚለየው፣ የቀለጠው ድንጋይ በመሬት ውስጥ የሄደበትን መንገድ በማወቅ ነው።

በሰሜን ካናዳ የማኬንዚ ዳይኮች የሚባሉ፣ ዕድሜያቸው 1,267 ሚሊዮን ዓመት የሆነ የድንጋይ ግድግዳዎች አሉ። ከአንድ ማዕከል ተነሥተው እንደ ተዘረጋ ማራገቢያ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳሉ። እነዚህ ሁሉ ከሥራቸው ቀጥ ብለው ወጡ? ወይስ ከማዕከሉ ተነሥተው ወደ ጎን ተጓዙ? ሪቻርድ ኤርንስትና ባልደረባው ባራጋር የማግኔቱን አሰላለፍ ለክተው በ1992 መልሱን ሰጡ። ከማዕከሉ እስከ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ባለው ስፍራ የቀለጠው ድንጋይ ወደ ላይ ወጥቷል፤ ከ600 ኪሎ ሜትር ያህል ባሻገር ግን የተጓዘው ወደ ጎን ነው። በመሬት ውስጥ ያለ እሳት ከምንጩ ብዙ ርቆ፣ ምንም ተራራ በሌለበት አገር ሥር ሊያልፍ እንደሚችል ጥንታዊው ድንጋይ በዚህ መሰከረ።

ይህን ስንል ድንጋይ ምንጊዜም አይሳሳትም ማለታችን አይደለም። መብረቅ የወደቀበት ዐለት የመጀመሪያው መዝገቡ ተሠርዞ በላዩ ሌላ ይጻፍበታል። ሁለተኛውም መዝገብ የራሱ አደጋ አለው። የማግኔታይቱ ፍሬዎች ከመጠን በላይ ጥቃቅን ሲሆኑ ጠባያቸው ይገለበጣል፤ ኃይሉን በቀላሉ የሚቀበሉት በርዝመታቸው መሆኑ ቀርቶ በአግድማቸው ይሆናል። ፖተርና ስቲቨንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1988 ይህን ባያስታውቁ ኖሮ፣ ብዙ ሰው የላቫውን መንገድ በተሳሳተ አቅጣጫ ባነበበ ነበር። እንዲሁም ፍሰቱ ቆሞ ላቫው ገና ሳይጠነክር የተንቀሳቀሰ እንደ ሆነ፣ የመጨረሻው ትንሽ እንቅስቃሴ የቀደመውን ታላቅ ጉዞ ሊሸፍነው ይችላል። ስለዚህ አስተዋይ ተመራማሪ ከአንድ ስፍራ ብዙ ቍራጭ ያወጣል፤ ፍሬዎቹን በማይክሮስኮፕ ይመረምራል፤ አንድ ምስክር በተናገረው ብቻ አይፈርድም።

ወደ አገራችን ስንመለስ

ከጐንደር ወደ ደባርቅ ሄዶ በሊማሊሞ መንገድ ቍልቍል የወረደ ሰው፣ ከገደሉ ፊት ለፊት እንደ ተነባበረ እንጀራ የተደራረበውን ጥቁር ድንጋይ ሳያደንቅ አያልፍም። እያንዳንዱ ንብብር በራሱ ጊዜ የፈሰሰ ላቫ ነው። በአንዳንድ ስፍራ የንብብሩ ውፍረት 2,000 ሜትር ያህል ይደርሳል። የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች በ1997 ባወጡት ጥናት አብዛኛው ላቫ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ አንድ ሚሊዮን ዓመት ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ውስጥ እንደ ፈሰሰ አስታወቁ። በሚከተለው ዓመት በ1998 የዚሁ ድንጋይ የማግኔት መዝገብ ተነብቦ ወጣ፤ በዚያ ሁሉ ውፍረት ውስጥ የመሬት ማግኔት የተገለበጠው ጥቂት ጊዜ ብቻ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ ላቫው በአጭር ዘመን ውስጥ መፍሰሱን አጸና። ብሩን በካንታል ከአንድ የተተኰሰ አፈር ያነበበው ፊደል የሰሜንን ገደልም ለማንበብ አገለገለ ማለት ነው።

አገራችን ለዚህ ዕውቀት እንግዳ አይደለችም። ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት በተባለው ጊዜ፣ ፒዬር ጉዋን የተባሉ ካናዳዊ የኢየሱሳውያን ካህን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ መመልከቻ ቤት አቋቋሙ፤ ከ1958 ጀምሮም የመሬት ማግኔት በዚያ ሲለካ ኖሯል። አዲስ አበባ የኮምፓስ መርፌ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳያዘነብል ጋደም ብሎ ከሚቆምበት ከማግኔት ወገብ አጠገብ ስለ ሆነች፣ ልኳ በዓለም ሊቃውንት ዘንድ ተፈላጊ ነው። ያው ቤት የመሬት መንቀጥቀጥንም ይመዘግብ ስለ ነበር፣ አባ ጉዋን የኢትዮጵያንና የአፍሪካን ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ሰብስበው በ1979 በመጽሐፍ አሳተሙት።

የመዝገቡ ጥቅም በአፋር ምድር ታየ። በመስከረም 2005 በዳባሁ ተራራ አካባቢ ምድር ተንቀጠቀጠች፤ ዳ ኡሬ በተባለው ስፍራም መሬት ተከፍቶ አመድ ወጣ። በዚያ የሚኖሩት ከብት አርቢዎች መንጋቸውን እየነዱ ሸሹ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከውጭ አገር ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በሳተላይትና በመንቀጥቀጥ መለኪያ ሲመረምሩት፣ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመትና እስከ 8 ሜትር ስፋት ያለው ዳይክ በጥቂት ሳምንት ውስጥ በመሬት ሥር እንደ ገባ ታወቀ። ከዚያም እስከ 2010 ድረስ ከ10 በላይ ሌሎች ዳይኮች በዚያው ስፍራ ገቡ። ብዙዎቹ ሲገቡ የመንቀጥቀጡ ምንጭ ከመካከል ተነሥቶ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ሲሄድ በሰዓቱ ተመዘገበ። የቀለጠው ድንጋይ ወደ ጎን ይጓዝ ነበር። የካናዳ ጥንታዊ ድንጋይ ዝም ብሎ የመሰከረውን፣ አፋር በሕያው ሥራ አሳየችው።

በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች መካከል ይኸው ነገር ደረሰ። ምድር ለብዙ ሳምንት እየደጋገመች ተንቀጠቀጠች፤ ቤት ፈረሰ፤ መንገድ ተሰነጠቀ፤ ብዙ ሺህ ሰዎችም ከቀያቸው ተነሥተው ወደ ሌላ ስፍራ ሄዱ። የቀለጠው ድንጋይ ከፈንታሌ በኩል ተነሥቶ በመሬት ሥር ወደ ሰሜን ወደ ዶፈን ተጓዘ እንጂ ላቫ ወደ ላይ አልወጣም። ያን ጊዜ በየመሥሪያ ቤቱ የተጠየቀው ጥያቄ አንድ ነበር፤ እሳቱ የሚሄደው ወዴት ነው? ማንን እናንሣ? ማንን እንተው? ይህን ጥያቄ የሚመልስ ሰው እሳተ ገሞራ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ብቻ ይወጣል ብሎ የሚያምን ቢሆን፣ ሕዝቡን ከተራራው ሥር አንሥቶ 30 ኪሎ ሜትር ርቆ ባለው በእሳቱ መንገድ ላይ ሊያሰፍረው ይችል ነበር። እንግዲህ ላቫው ወደ ሰሜን ቢሄድ ወይም ወደ ደቡብ ቢሄድ ለዛሬ ሰው ምኑ ነው? ለሚለው ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው።

ሜሎኒ ከሹመቱ ተሰናብቶ ላቫውን ሲያግልና ሲያቀዘቅዝ ይህን ጥቅም አላሰበም። ብሩን የተተኰሰውን አፈር ሲቈፍር ስለ አፋር ከብት አርቢ አያውቅም። ግራሃምም ማንም ያልተጠቀመበት መሣሪያ ብሎ ሲጽፍ ማን እንደሚጠቀምበት ሊያውቅ አይችልም ነበር። ሁሉም ያደረጉት አንድ ነገር ነው፤ ያዩትን በትክክል ጻፉ፤ ሁለተኛ ምስክር ፈለጉ፤ ሰው ባያምናቸውም መዝገቡን ለሚመጣው ትውልድ ትተው ሄዱ።

እኛም በየቀኑ መዝገብ የምንጽፍ ሰዎች ከዚህ የምንማረው አለ። በመዝገብ ቤት የተኛ ወረቀት ሁሉ የሞተ አይደለም፤ የሚያነበው ሰው እስኪመጣ ድረስ ይጠብቃል። ለመምህራንና ለተማሪዎች ግን ከዚህ የበለጠ አደራ አለባቸው እንላለን። አገራችን ሰፊ ክፍሏ በላቫ የተነጠፈ ነው፤ የቤታችን ግንብ፣ የመንገዳችን ጠጠር፣ የእርሻችን ጥቁር አፈር የዚያ ጐርፍ ቅሪት ነው። ከዚህ መዝገብ የተነበበው ገጽ ጥቂት ነው፤ ያልተነበበው ይበልጣል። መሰርሰሪያውን ይዞ ወደ ገደሉ የሚወጣ፣ ጥላውንና ሰዓቱን አስተያይቶ ምልክቱን በትክክል የሚያደርግ ልጅ ከየትምህርት ቤታችን እንዲነሣ ምኞታችን ነው። ምድር እንደ ገና በተንቀጠቀጠች ጊዜ እሳቱ ወዴት ይሄዳል? ተብሎ ሲጠየቅ፣ ከድንጋዩ አንብቦ የሚመልስ ሰው ያስፈልገናልና።